ባለመርዶዋ አህያ

አንድ ጊዜ ሰደድ እሳት ቆላውን ጠርጎ በላውና እናት አባታቸውን ያጡ ግልገሎችና ጫጩቶች በየጥሻው ተበትነው ቀሩ። «ወይ ጉድ!» ብሎ ከንፈሩን ያልመጠጠ አውሬ አልነበረም፤ ቆም ብሎ ያነሳቸው ግን ከእመት አህያ በቀር አልተገኘም። እመት አህያ ጀርባዋ ጭነት የለመደ ነውና አንድ በአንድ እየተሸከመች ከትልቁ ዋርካ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከዚያም ወደ ደጋ ወጥታ በሬውን፣ ፈረሱንና በጎቹን «እርዱኝ» አለቻቸው። ደገኞቹ ልባቸው ተነካ፤ ጭድም፣ ገብስም፣ ምስርም አሸከሟት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ተጫነች፣ ወረደች።

በዚያው ጠፋች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ስታበላ፣ ስታጠጣ፣ ቁስል ስትልስ፣ ጠብ ስትገላግል እየዋለች ደጋ የሚባል አገር መኖሩንም ረሳችው። ትዝ የሚላት ቀለቡ ሲጎድል ብቻ ነው። ሲጎድል ትወጣለች፣ ትጮኻለች፣ ተጭና ትወርዳለች፤ ደግሞ እስኪጎድል ድምጿ አይሰማም። እንዲህ እንዲህ ሲሆን ደገኞቹም አንድ ነገር ለመዱ። የአህያ ጩኸት ከአቀበቱ በኩል ሲሰማ «ባለመርዶዋ መጣች» ይባባሉና ፈረሱ ወደ ጋጣው፣ በጎቹ ወደ ጉረኗቸው ሹልክ ይላሉ።

በዚህ መካከል አንድ ዓመት በጋው ረዘመ፤ ዝናቡም ቀረ። ከዋርካው ሥር የነበረው ጭድ ተጠርጎ አለቀና ግልገሎቹ የዛፉን ቅርፊት መላስ ጀመሩ። እመት አህያ ይህን አየች። ዝናቡ እስኪጥል የሚያቆያቸው ካልተገኘ ከእሳት ያዳነቻቸው በረሃብ ሊያልቁባት ነው። አቀበቱን እየሮጠች ወጣችው።

በቀጥታ የሄደችው ወደ አያ በሬ ደጅ ነበር። አያ በሬ የደጋው ባለክምር ነው፤ ጭዱ ከሩቅ ሲያዩት ኮረብታ ይመስላል። እሱ ከሰጠ ሌላው ይሰጣል፣ እሱ ከነፈገ ሌላውም ይነፍጋል።

«ደህና ዋልሽ፣ እመት አህያ» አላት ከተኛበት ሳይነሳ።

«ምን ደህና አለ፣ አያ በሬ! ቆላው አለቀ! ሁሉም ተራበ፣ ሁሉም ታመመ፣ ሁሉም ከሳ! ችግሩ ተወርቶ አያልቅም!»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።»

«የዘንድሮው ባሰ!»

«ባለፈውም ብሶ ነበር።» በሬው አመነዠከ፤ ዋጠ፤ ደግሞ አመነዠከ። በመጨረሻ «እግዜር ይስጥሽ» አለና ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ።

እግዜር ይስጥሽ! ይህ ቃል ከተቀባይ አፍ ሲወጣ ምስጋና ነው፤ ከሰጪ አፍ ሲወጣ ግን «በይ እለፊ፣ ሌላ ደጅ ሞክሪ» ማለት ነው። እመት አህያ ሌላ ደጅ አልነበራትም። በባዶ ጀርባዋ ቁልቁለቱን ተያያዘችው፤ ባዶ ጀርባ እንዲህ እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ እመት ቀበሮን ጥላ ሥር ተንጋላ አገኘቻት።

«አንቺ የዋህ» አለች ቀበሮ ተነሥታ እንኳ ሳትቀመጥ። «ደግሞ ለምነሽ ደግሞ ተባረርሽ? አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ሲባል አልሰማሽም?»

«አፍስ አለኝ። ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ደረቀ እንጂ።»

«መጮኽ ሌላ፣ ማውራት ሌላ። ስሚኝ፤ ለልመና ደጁን የሚዘጋ ሁሉ ለለቅሶ ይከፍተዋል። ቆላ ለቅሶ አለ ቢባል፣ ከደገኞቹ እዝን ሳይዝ የሚመጣ ይኖራል? ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጁን የሚደርስ ማን ነው? ጭዱም ገብሱም በገዛ እግሩ ይወርድልሻል።»

«ማን ሞተና ነው የምናለቅሰው?»

«እንቡጥ።»

እንቡጥ ማለት እግሯን እሳት የለበለባት የሚዳቋ ግልገል ናት፤ እመት አህያ ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳው ለእሷ ነበር። «ምን ሆነችብኝ? ጠዋት ደህና ትቻት አይደለም የወጣሁት!»

«ኧረ ምንም አልሆነችም! ሞታለች እንላለን እንጂ። ትጋደማለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እዝኑን ከተቀበልን በኋላ ትነሣለች። እኩሌታው የኔ ነው። አልቃሽ ደግሞ አያ ጅቦ አለልሽ። ያ ድምፅ ለሙሾ ካልሆነ ለምን ተፈጠረ?»

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኸኛው ደግሞ በሚያውቁት አገር አልቃሽ ሊሆን ነው! እመት አህያ ውሸቱም አልጣማት፣ የጅቡም ነገር ሰቀጠጣት። ግን ቅርፊት የሚልሱት ግልገሎች ዓይኗ ላይ መጡባት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «እሺ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት፤ ልመልሰው ብትልም ቀበሮ መርዶዋን ይዛ አቀበቱን አጋምሳለች።

ቀበሮ እንዳለችውም ሆነ። ደገኞቹ «ለካስ እውነቷን ኖሯል!» እያሉ ተንጋግተው ወረዱ። በሬው ጭድ፣ ፈረሱ ገብስ፣ በጎቹ ምስር ተሸክመው አንገታቸውን እንደደፉ ዋርካው ሥር ደረሱ። እንቡጥ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። አያ ጅቦ ከራስጌዋ ተቀምጧል። እመት አህያ ከአጠገቡ ቆማ ዓይኗን ከመንጋጋው ላይ አልነቅል አለች። ቀበሮ ጠቀሰችው፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ሙሾውን ለቀቀው፦

«አንቺ ሚዳቋ ሆይ፣ አንቺ ለግላጋ፣
ለአፈር ይሰጣል ወይ እንዲህ ያለ ሥጋ!»

ደገኞቹ ግጥሙን ልብ አላሉትም፤ ድምፁ ሆዳቸውን አባባውና ተላቀሱ። አያ ጅቦን ግን ከእንባው ይልቅ ምራቁ አስቸገረው። ቀበሮ «ሞታለች» ስትል ሰምቷል፤ «እንላለን እንጂ» የምትለውን አልሰማም፤ ቢሰማም አይገባውም ነበር። ጎንበስ ብሎ የእንቡጥን አንገት አሸተተ።

«አልቅስ እንጂ!» አለችው ቀበሮ በሹክሹክታ።

«አለቀስኩ እኮ። አሁን ልብላ።»

«ምን?»

«ሞታለች አላላችሁም? ታዲያ ለምን ትበላሻለች?» አለና አፉን ከፈተ።

እመት አህያ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ዞር ብላ በእርግጫ ስትጠልዘው ጅቡ ተንከባሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀረቀረ። ያን ጊዜ ሬሳዋ ብድግ አለች! ዘልላ ሄዳ ከበሬው እግሮች መካከል ተወሸቀች።

እመት አህያ ግልገሏን ከላይ እስከ ታች አየቻት። አንገቷ ደህና ነው። ጆሮዋ ደህና ነው። ስትንቀጠቀጥ ይታያል፤ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ሕያው ነው። ከደስታዋ ብዛት ለቅሶውንም፣ እዝኑንም፣ እንግዶቹንም ረሳቻቸው።

«የምስራች!» ብላ ጮኸች። «የምስራች! አለች! አልነካትም!»

የምስራች ሲባል የሚመለሰው ይታወቃል። ደገኞቹ ግራ እንደተጋቡ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ አፋቸው በልማዱ ባንድ ድምፅ መለሰ፦

«ምስር ብይ!»

ከመለሱ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። «ቆይ፣ ቆይ!» አለ ፈረሱ። «አልሞተችም ማለት ነው? ላልሞተ ነው ያስለቀሳችሁን?» በጎቹም ምስራቸውን መልሰው ለመሸከም አጎነበሱ።

«አልሞተችም» አለች እመት አህያ። «ዋሸናችሁ። ቀበሮ አሰበችው፣ እኔ እሺ አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እዝናችሁን መልሳችሁ ውሰዱ። ዛሬ እሷን ከአፉ ማስጣሌ ይበቃኛል።»

ሁሉም ዞሮ ሊሄድ ሆነ። በሬው ግን መንቀሳቀስ አልቻለም፤ እንቡጥ እግሩ ሥር እንደተወሸቀች ነበረች። ዝቅ ብሎ አያት።

«ይቺ ማን ናት?» ሲል ጠየቀ።

«እንቡጥ ናት። በእሳቱ ጊዜ አራቱም ሰኮናዋ ተለብልቦ አገኘኋት። መቆም አትችልም፤ መተኛትም አትችልም፤ ምድሩ ይቆረቁራታል። አንተ መጀመሪያ ያሸከምከኝ የጤፍ ጭድ አለ አይደል? እሱ ለስላሳ ስለሆነ እሱ ላይ አስተኛኋት። ክረምቱን እዚያው ላይ ተኝታ ከረመች። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቆማ ጠበቀችኝ። ስትወድቅ ስትነሣ ይኸው እዚህ ደረሰች፤ ስትዘል አይተሃታል።»

በሬው ማመንዠኩን አቆመ። «የኔ ጭድ?»

«ያንተ ጭድ።»

«የኔ ጭድ ነው ይቺን ያቆማት?»

«ታዲያ የማን ሊሆን!»

«አንቺ ሴት!» አለ በሬው። «ይህን ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልሽው? እኔ እኮ ጭዴ ገደል የገባ ይመስለኝ ነበር! በሰጠሁሽ ቁጥር አለቅን ትያለሽ፤ ለማያልፍ ችግር ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት።»

እመት አህያ ጆሮዋን ጣለች። «ደህና ናቸው ካልኳችሁ የምትተዉኝ መስሎኝ ነው።»

«የተውንሽ እኮ ደህና መሆናቸውን ስላልነገርሽን ነው!»

«የኔስ ገብስ?» አለ ፈረሱ፤ ቁጣው ሳይታወቀው በርዶለታል። «የኔ ገብስ የት ደረሰ?»

«ያቺን ክንፏን የምታራግበውን ጅግራ ታያታለህ? ስትመጣ እፍኝ አትሞላም ነበር። ገብስህን እያላመጥኩ ነው ለሷና ለእኅቶቿ ያጎረስኳቸው።»

ፈረሱ ወደ ጅግራዋ ሄደና ዙሪያዋን ተሽከርክሮ አያት፤ የራሱ ልጅ እንኳ እንዲህ ታይታ አታውቅም። በጎቹም «የኛስ? የኛስ?» እያሉ እመት አህያን ከበቧት። በየተራ አሳየቻቸው። እየነገረቻቸው ሳለ የራሷም ልብ ቀለል አለ፤ ለካስ ስትጮህ የኖረችው ይህን ሁሉ መልካም ነገር አፍና ኖሯል።

«በይ አሁን ንገሪን፤ ምን ጎደለሽ?» አለ በሬው።

«ጫጩቶቹ በርትተዋል፤ ራሳቸውን ችለው ይለቅማሉ። የሚያሳስቡኝ ግልገሎቹ ናቸው። ዝናቡ እስኪጥል ጭድ ካገኙ ያልፍላቸዋል።» በዚያን ቀን «ሁሉም አለቀ» የምትለውን ቃል አላነሣቻትም።

«ጭዱ ከኔ» አለ በሬው፤ የተሸከመውንም አራገፈ። «ባለቀብሽ ጊዜ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ንገሪኝ። ውሸት ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች እመት አህያ።

አሮጊቷ በግም የምስሩን ስልቻ እየጎተተች መጣች። «ምስር ብይ ብለናል እኮ» አለች። «ቃል ተበልቶ አይታደርም፤ ምስሩን ብይ።» እንባ ሲራጩ የነበሩት ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እመት ቀበሮ ጭራዋን እያወዛወዘች «እኩሌታዬስ? እኔ ባልጠራቸው...» ብላ ጀምራ ነበር፤ በሬው ቀንዱን ወደ እሷ ሲያዞር ግን ሩቅ መንገድ እንዳለባት ትዝ አላትና እግሬ አውጪኝ አለች። ከቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ «ታዲያ ንፍሮውም ቀረ?» የሚል የአያ ጅቦ ድምፅ ተሰማ።

ከሰሞኑ ዝናቡ ጣለ። እመት አህያ ሣሩ ብቅ ሲል አይታ ጊዜ አላጠፋችም፤ ጀርባዋን ባዶ አድርጋ አቀበቱን ወጣች። ከላይ ሆና ስትጮህ በሬው ከክምሩ ሥር ተነሥቶ፣ እየከበደው፣ እየሮጠ መንገድ ላይ ተቀበላት።

«ምን ጎደለ? ማን ታመመ?» አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«ምንም አልጎደለም። ዝናቡ ጣለ። ግልገሎቹ ሣር እየነጩ ነው፤ አንዳቸውም አልሞቱም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ይህን ልነግርህ ነው የወጣሁት።»

«ለዚህ ብቻ? ይህን ሁሉ አቀበት?»

«ለዚህ ብቻ።»

በሬው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና መንገዱ ላይ ዘፍ ብሎ ተኛ። «እፎይ!» አለ። «ሰሞኑን ደመና ባየሁ ቁጥር ወደ ቆላ በሄደላቸው እያልኩ ሣሩም አልጥምህ ብሎኝ ነበር እኮ!»

እመት አህያ ጭነት ከጀርባ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ጠንቅቃ ታውቃለች፤ በበሬው ትከሻ ላይ ያየችውም ያንኑ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻዋን የተሸከመች ይመስላት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተቸገሩ እርዳታ የሚለምን ሰው መከራን ብቻ ቢደረድር ሰሚ እንደሚያጣ፣ የተሰጠው ምን እንደሠራ ተመልሶ በእውነት ሲናገር ግን ሰጪውን ሸክም ተጋሪ ወዳጅ እንደሚያደርገው ነው።