ጥሩንባ የተነፋለት በግ

በዚያ ጫካ ሥርዓት የጎደለ እንዳይመስላችሁ። አንበሳው ይገዛል፣ ጅቡ ያክማል፣ የቀረው ይታመማል። የሞተ እንደሆነም ሬሳው የጅቡ ነው፤ አዋጅ ነው። በሽተኛ ሲሞትበት ሐኪሙ ለምን እንደማይከፋው የጠየቀ ግን የለም።

እኔ ጅግራ ነኝ፤ የእመት በጊት ጎረቤት። ባሏ ደረቱን ታመመባት። ለምርመራው ብላ በክረምት ብርድ ጠጉሯን አስሸልታ ሸጠች። ለመድኃኒቱ የግጦሽ መሬቷን ለቀቀች። ተራቁታ ስትንዘፈዘፍ አይቼ «ምነው እቴ?» ብላት፣ «ሞቆኝ ነው» አለችኝ። ኩራቷን አልሸለቷትማ!

ጅቡ ግን አሁንም፣ «ለአልጋ መያዣ ሣር ሳታመጪ በሽተኛሽ ደጄን አያልፍም» አላት።

ወደ እድራችን መጣች። በየወሩ አንዳንድ እስር ሣር እናዋጣለን፤ ጎተራው ሞልቶ ሻግቷል። ዳኛው አያ ኤሊ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ደንቡ ለሞተ ነው እንጂ ለታመመ አይልም» አሏት።

«ታዲያ እስኪሞት ልጠብቅ?»

«እንደዚያስ አልወጣኝም።»

ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ይሙትና ይዳን! ሞተ ብለን ሣሩን እናውጣላት፤ ሲድን ተሳስተን ነበር እንላለን» አለች።

ጉባኤው ሳቀ፤ አፈረ፤ ተስማማ። እኔም ክንፌን አንስቻለሁ፤ ምን ይደበቃል።

ችግሩ ጥሩንባ ካልተነፋ እድር አይከፍልም። ደንብ ነዋ! ዝሆን ኩምቢውን ቀስሮ፣ «አያ በግ አርፈዋልና ውጡ!» ብሎ ለፈፈ። ጫካው በሙሉ ሰማ። ጅብ ደግሞ ጆሮ አጥቶ አያውቅም።

በእመት በጊት ደጅ ድንኳን ተክለን ሣሩን ልናሸክማት ስንል፣ ጅቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እመት በጊት። ሬሳዬን ልወስድ ነው።»

«ኧረ አልሞተም ጌታዬ! መያዣውን ይዤልዎ ልመጣ ነበር!»

ጅቡ ወደ እኛ ዞረ። «አልሞተም? ታዲያ ሰው ሳይሞት የእድር ሣር ያወጣችሁት ሌቦች ስንት ናችሁ? አንበሳው ይወቀው። በሉ ንገሩኝ፤ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

አያ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ጦጣ ዛፍ ቀየረች። እመት በጊት ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከድንኳኑ ጀርባ በጉ አሳለ።

አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ደረቷን መትታ ሙሾ አወጣች። ተቀበልናት። በጉ ባሳለ ቁጥርም ለቅሷችን ከፍ፣ ከፍ አለ።