ቀበሮ ያልቀመሰችው ጠጅ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ጠፍቶ አበባ ሳይፈነዳ በከረመበት ዓመት፣ የማር ዋጋ ሰማይ ነካ። ማር ሲወደድ ጠጅም ተወደደ። ደህና ጠጅ በቅናሽ አገኛለሁ ብሎ የዞረ ሁሉ ባዶ ጋኑን ይዞ ይመለስ ነበር።

ከዞሩት አንዷ እንኮዬ አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ማር ስትጭን ኖራለች፤ በራሷ ቤት ግን አንድ ብርሌ ጠጅ ቀድታ አታውቅም። ዘንድሮ ግድ ሆነባት። ውርንጭላዋ ምንጭ አደፍርሶ በሬዎች ምንጩን ዘግተውባታል። ሽማግሌ ገባና፣ «አንድ ጋን ጠጅ አምጪና አብራችሁ ጠጥታችሁ ታረቁ፤ ምንጩም ይከፈትልሻል» ተባለች። በዚያ ድርቅ ሌላ ውሃ አልነበረም።

ጠጅ ቤቱን ሁሉ አዳርሳ በመጨረሻ እመት ቀበሮ ዘንድ ደረሰች። በሩ ላይ አያ ጅቦ ተዘርፍጦ ብርሌ በብርሌ ላይ ይገለብጣል። የሚጠጣው በነፃ ነው፤ ሥራው ጮኾ ማመስገን ብቻ ነው።

«እሰይ! ጠጅ እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል ጅቦ።

«ጋኑን በስንት ትሰጪኛለሽ?» አለች አህያ።

«ለሌላው ሦስት ጆንያ ገብስ ነው። ላንቺ ግን አንዱ ይበቃኛል። በችግር ጊዜ ካልተዛዘንን መቼ ልንተዛዘን ነው?»

አህያ ያላት አንድ ጆንያ ነው፤ እሱም የክረምት ቀለቧ። አፍንጫዋን ወደ ጋኑ አስጠጋች። ጌሾ ሸተታት፣ ስኳር ሸተታት፤ ማር ግን አልሸተታትም። በዚያ አገር ወግ ደግሞ ጠጅ የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ያ ነው ዋስትናው።

«እስቲ እንደ ወጉ ቅመሺልኝ» አለች በቀስታ።

ቀበሮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ። ወይስ ጠረጠርሽኝ? እንዲህ ባዘንኩልሽ!»

የዶሮ ላባ ከጢሟ ሳይረግፍ ጾመኛ ሆነች! አህያም ላባውን አይታለች። ግን ይሉኝታ ያዛት። እውነቱን ለመናገር፣ ዋጋውም አፏን ዘጋው። «ኧረ ምን በወጣሽ!» ብላ ገብሷን አስረክባ ጋኑን ተሸከመች።

በእርቁ ቀን በሬዎች ምንጩ ዳር ተቀመጡ።

«በይ እንኮዬ፣ ቀምሰሽ ስጪን» አለ ሽማግሌው በሬ።

አህያ በኮቴዋ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰች። ጉሮሮዋን ላጠው። ልትናገር አፏን ከፈተች። ዞር ስትል ውርንጭላዋ ምላሱ ደርቆ ምንጩን ትኩር ብሎ ያያል። ምሬቱን ዋጥ አደረገችው።

«ጥሩ ነው፣ ጠጡ» አለች።

ጀምበር ሳትጠልቅ በሬዎች ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። «የእርቅ ብለሽ መርዝ አጠጣሽን!» ብለው ምንጩን በእሾህ አጠሩት።

አህያ እያለቀሰች ቀበሮን ለዳኛው ለአንበሳ ከሰሰች። ቀበሮ ተጠርታ መጣች፤ ምንም አልደነገጠችም።

«ጌታዬ፣ እኔ ቀምሼ ነው ወይ የሰጠኋት? ራሷ ትናገር!»

«አልቀመሰችም» አለች አህያ።

ጅቦ ምስክር ሆኖ ቆመ። «ጠጁ ጥሩ ነበር?» ተብሎ ተጠየቀ።

«በነፃ ነበር ጌታዬ። በነፃ የተገኘ መቼ መጥፎ ሆኖ ያውቃል?»

አንበሳ ጺሙን ላሰ። ጺሙ የንጹሕ ማር ጠጅ ይሸት ነበር። አህያ ሽታውን አወቀችው፤ ቀደም ሲል ራሷ ለቀበሮ የጫነችው ማር ነው።

«ቀበሮ ስላልቀመሰች ዋስ አልሆነችም» ሲል ፈረደ። «አንቺ ግን ቀምሰሽ ‹ጥሩ ነው› ብለሻል፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ድሮስ ለአህያ ማር አይጥማት!»

ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ነገሩ ያልገባው ጅቦ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

አህያ ጆሮዋን ጥላ ከችሎቱ ወጣች። የዋሸችውን ራሷ ታውቀዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀበሮ ከምንጩ የምታመጣላትን አንድ ቅል ውሃ ለውርንጭላዋ ለማግኘት ስትል፣ ለአንበሳ ጠጅ የሚጣልበትን ማር ለቀበሮ ስትጭን ትውላለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ኑሮ ሲወደድ ርካሽ ያቀረበልንን «መጀመሪያ አንተ ቅመስ» ለማለት ካፈርን፣ እሱ ያልቀመሰውን መራራ እኛው ቀምሰን ለሌላው «ጥሩ ነው» እያልን እንደምናቀርብ፣ ጥፋቱም በእኛው ላይ እንደሚቀር ነው።