በእመት አይጥ ደጃፍ የተለቀሰው ለቅሶ

ተረት ተረት፤ የአይጥ በረት።

በአንድ ጎተራ ሥር ስልሳ ልጆቿን በጠባብ ጉድጓድ የምታሳድግ እመት አይጥ ነበረች። ኩሩ ናትና ስለ ቤቷ ክፉ ቃል መስማት አትወድም። ብርድ ደግሞ ከድመት አብልጣ ትፈራለች፤ ስለዚህ ወደ ጎተራው ከሚያስገባው በቀር ቀዳዳውን ሁሉ በጭድ ጠቅጥቃዋለች። የተኙበት ጭድ በሽንት ሲርስም አትጠርገውም፤ አዲስ ጭድ ከላይ ትነሰንስበታለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ አያ ፍልፈል አፍንጫውን ይዞ መጣና፣ "በፈጠረሽ አምላክ፣ አሮጌውን ጭድ ጠርገሽ ንፋስ አስገቢ! እኔ አፈር ውስጥ ተቀብሬ እንኳ ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል" አላት።

"ልጆቼን ብርድ ልታስመታብኝ ነው? ደግሞ ቤቴ ምንም አይሸትም!" ብላ አባረረችው።

በማግስቱ ሆዳሟ ድመት በዚያ ስታልፍ ሽታው ሰነፈጣት። አይጦቹ በሙሉ ያለቁ መሰላትና ደረቷን እየደቃች ለቅሶዋን አቀለጠችው።

"ወይኔ አይጦቼን! ሳልበላችሁ ሞታችሁ ሸተታችሁ! የስንት ቀን ምሳዬ ተበላሸ!"

አልቅሳ ሲወጣላት፣ ጅራቷን እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ አዘቅዝቃ ልትሄድ ተነሳች። እመት አይጥ ግን "ሸተታችሁ" የሚለውን ቃል መዋጥ አቃታት። ቀዳዳውን የደፈነችበትን ጭድ ነቅላ ብቅ አለችና፣

"ማን ሞተ? ማንስ ሸተተ? ስልሳዎቹም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ወፍረዋል!" ብላ ጮኸች።

ድመት እንባዋን ጠረገች።

ያን ዕለት ያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ንፋስ ገባው።

ተረቴን መልሱ፣ አፍንጫዬን አብሱ።