«ይበቃል» የማትል ዳኛ

አንድ አስራደ የሚባል ባለጸጋ ነበር። ከብቱ ውኃ ሊጠጣ የወረደ ዕለት ወንዙ እስኪያገግም ሳምንት ይፈጅበታል። የጎተራው ጥላ ጎረቤት መንደርን በጠራራ ፀሐይ ያስመሸዋል። የነገሩኝ ሰዎች ቀንሰው ነው የነገሩኝ፤ እኔም ለእናንተ ስል ትንሽ ቀንሻለሁ።

በአስራደ አገር ግብር የሚከፈለው በድንጋይ ነው። ሁሉም እንደ ሀብቱ ከተራራው ድንጋይ አውርዶ ወንዝ ዳር ይከምራል፤ ድልድዩም መንገዱም የሚሠራው በዚያ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ አንድ ዳኛ ይመርጣል። ዳኛው ክምሩ አጠገብ ይቀመጥና የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ሲሞላ «ይበቃል» ይለዋል። «ይበቃል» ያልተባለ ሰው ገበያ ወጥቶ መሸጥም መግዛትም አይችልም።

ታዲያ ዳኞቹ ለድሃው «ይበቃል» የሚሉት ወገቡ ሊቀነጠስ ሲል ነው። አስራደ ግን አንዲት ጠጠር በሁለት ጣቱ ይዞ ብቅ ሲል፣ ገና ከሩቁ «ይበቃል ጌታዬ! ኧረ እንዳይደክምዎ!» ይሉታል። ምን ያድርጉ? የለበሱት ካባ የእሱ ነው። ለምርጫው ድግስ የታረደው ሰንጋም የእሱ ነው። ብልጠቱ ደግሞ፣ ተወዳዳሪ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም ያለብሳል። ማንም ቢሸነፍ አስራደ አይሸነፍም።

በዚህ የተነሳ ድልድዩ ግማሽ ላይ ቆሞ ቀረ።

በዚያ አገር ዘርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሴት ልጇ የበኩር ልጇን አርግዛለች፤ የመውለጃዋ ቀን የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ነው። አዋላጇ የምትኖረው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ባለፈው ክረምት የዘርፌ ጎረቤት ያማጠችው፣ አዋላጇ ማዶ ቆማ ምክር እየጮኸችላት ነበር። ከጎርፉ ጩኸት የተነሳ አንዱም አልተሰማም። ጎረቤቷን ቀበሯት።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የአገሩ ልማድ ከመረጡት ሰው ኋላ መሰለፍ ነው። አንድ ረዥምና አንድ አጭር ተወዳዳሪ፣ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ካባ ለብሰው ቆሙ። አስራደ ከበቅሎው ወርዶ በቅሎዪቱን ዛፍ ላይ አሰራት። ሰንጋው ተበላ። ምርጫውን የሚመሩት ሽማግሌ፣ አባ ቢተው፣ «በሉ ተሰለፉ» አሉ።

ዘርፌ ወደ ረዥሙ ቀረበች። «ጋሼ፣ ቢመረጡ ለአቶ አስራደ ይበቃል የሚሉት ስንት ድንጋይ ሲያወርዱ ነው?»

ረዥሙ አስራደን አየ። አስራደ ሳል አለ። «እሱ እንግዲህ… እንደ ሁኔታው ይታያል።»

«አንተስ ወንድሜ?»

«እኔ ከእሱ እለያለሁ!» አለ አጭሩ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ሁኔታውን አይቼ ነው።»

ዘርፌ ሁለቱንም ትታ ሄደችና ከበቅሎዪቱ ኋላ ቆመች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አስራደ እየሳቀ።

«ሦስቱም የእርስዎን ገብስ በልተዋል። እሷ ግን ቢያንስ ድንጋይ ትሸከማለች።»

«ትራገጣለች እኮ!»

«ለምደነዋል ጌታዬ።»

ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ መጥቶ ከዘርፌ ኋላ ቆመ፤ ሌላው ተከተለ። ሰልፉ ኮረብታውን ዞረ፤ ጅራቱ ጎረቤት አገር ገብቶ ቀረጥ ተጠየቀ ይባላል።

አስራደ ሳቁን ዋጠ። «ከነገ ጀምሮ አንዳችሁም መሬቴን አታርሱም! ብድር ብላችሁ ደጄን አትረግጡም!»

ዘርፌ ልጇን አሰበች፤ ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም። ከኋላዋም የወጣ ሰው አልነበረም።

«ሰንጋዬን በልታችሁ!» አለ አስራደ።

«በልተናል» አለች ዘርፌ። «ጨው ነበር ያነሰው።»

አባ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሕጉ ሰልፉ የረዘመለት ይሾማል ነው የሚለው። ሁለት እግር ይኑረው አይልም።»

«የኔ በቅሎ ናት! ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ!»

«የቀድሞዎቹም ዳኞች የእርስዎ ነበሩ» አሉ አባ ቢተው። «አንዱንም ግን ጎትተው ቤትዎ አላስገቡም።»

በማግስቱ አስራደ ጠጠሩን ይዞ ዳኛዋ ፊት ቀረበ። በቅሎዪቱ ዝም አለች። ገብስ አመጣላት፤ በልታ ዝም አለች። ማር አመጣላት፤ ልሳ ዝም አለች። ካባ ቢያለብሳት ጭቃ ላይ ተንከባለለችበት። የአስራደን ገብስ በልቶ የአስራደን ቃል ያልተናገረ ዳኛ በዚያ አገር ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ገበያው ተዘጋበት። ያን ሁሉ ከብት መሸጥ ባይችል ጊዜ አሽከሮቹን፣ በሬዎቹን፣ በመጨረሻም የገዛ ትከሻውን ወደ ተራራው ላከ። ድሃውም «ይበቃል» የሚለው አላገኘምና አብሮ ተሸከመ፤ ግን የአስራደ ድርሻ ሲጨመር ሥራው ምን ያህል እንደሚቀል ያን ጊዜ አየ። ተራራው ጎድሎ ሜዳ ሆነ። ድልድዩም ክረምት ሳይገባ ገጠመ። የመጨረሻው ድንጋይ ሲቀመጥ ሕዝቡ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ «ይበቃል!» አለ።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ እያገሳ ሳለ አዋላጇ ጫማዋ ሳይረጥብ ተሻገረች። የዘርፌ ልጅ በሰላም ወለደች።

ወዳጆቼ፣ የዳኛውን ካባ የሚገዛ ሰው የራሱን ግብር ራሱ ይተምናል፤ እሱ ያላወረደውን ድንጋይ የሚሸከመው ደግሞ የእናንተ ጀርባ ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ የሚደግስ ሰው ቸር አይደለም፤ ግብሩን በርካሽ እየከፈለ ነው። ድግሱን ብትበሉም የምታፍሩበት ምክንያት የለም፤ በእናንተው ጀርባ የተገኘ ሥጋ ነው። የምትቆሙበትን ቦታ ግን ለሰንጋም ለዛቻም አትስጡ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በእናንተ አገር «ይበቃል» የሚለው ማን ነው? ማንስ ነው ያለበሰው?