ጾም የገደፈው ጥርስ

ፊታውራሪ ይመኑ ጥርሳቸውን ፍቀው አያውቁም። ጉንጫቸው ያብጣል፣ ሆዳቸው ይታወካል፤ እሳቸው ግን «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ።

በሁዳዴ የመጀመሪያው ረቡዕ ጧት አንድ ገበሬ ጥርሱን በወይራ መፋቂያ እየፋቀ በደጃቸው ሲያልፍ አስያዙትና የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት አቆሙት።

«አንተ፣ ገና ሳይቀደስ እንጨት ስታኝክ በዓይኔ አይቻለሁ። ጾም ገድፈሃልና አርባ ጅራፍ ትገረፋለህ። የምትለው አለ?»

ሰውየው እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ እግዜር ያሳይዎ፤ እኔ ወደ አፌ ያስገባሁት የለም። በቅበላ የበላሁት ሥጋ ጥርሴ መሐል ቀርቶ እሱን ሳወጣ ነው የተያዝሁት» አለ።

«እኔስ በቅበላ ሥጋ በልቼ የለም? መቼ እንጨት አኘክሁ?»

«የጨነቀኝስ እሱ ነው፣ ጌታዬ። የእኔ የቅበላ ሥጋ ዛሬ ወጣ። የእርስዎ ግን የአምናውም ገና እዚያው ነው፤ ሆድዎን የሚያውከው እሱ እየበሰበሰ ነው። ጾም የገደፈ ይገረፍ ካሉ፣ ሥጋ በአፉ ይዞ ከሚጾመው ይጀመር።»

የንስሐ አባታቸው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪው ጉንጫቸውን እንደያዙ፣ «ልቀቁት። ያን እንጨት ግን ወዲህ አምጣው» አሉ።

«ይኼ ለእኔ የሚበቃ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሰውየው። «ለእርስዎ አንድ ሸክም ቆርጬ እመጣለሁ።»