የጃርት መራራ ጠላ

ተረት ተረት ስላችሁ እሺ በሉኝ፤ ጉሮሮዬ ሳይደርቅ ልጨርስ።

በአንድ ጫካ ሦስት ጠላ ቤቶች ነበሩ። የጃርት ጠላ ጌሾ ስለሚበዛበት መራራ ነበር። ዝንጀሮ ጋኗን በወይራ ስለምታጥን የእሷ ጠላ ጭስ ጭስ ይላል። የሚዳቋ ደግሞ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ሦስቱም በየደጃቸው እንጨት ተክለው ጣሳ ይደፉበታል፤ ጠላ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አንድ ክረምት ሀብታሙ ጅብ ሦስቱንም ቤቶች ገዛ። ጣሳዎቹን ግን አልነካቸውም።

ጠጪዋ ኤሊ ቀስ እያለች መጥታ ከጃርት ደጅ ቀመሰች። መራራው የለም። ደንግጣ ወደ ዝንጀሮ ደጅ ሄደች። ጭሱም የለም። ሚዳቋ ደጅ ደርሳም ቀመሰች። ያው ነው።

«ጌታዬ፣ ምላሴ ሞተ መሰለኝ» አለችው ጅብን።

«ሦስት ደጅ ከፍቼልሽ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ሳቀ። «ያሻሽን ምረጪ እንጂ!»

ኤሊ በጓሮ ዞራ አየች። ለሦስቱም ቤት የሚቀዳው ከአንድ ትልቅ ጋን ነው፤ በጎደለ ቁጥርም ውሃ ይጨመርበታል። እየወደቀች እየተነሳች ጃርት ዘንድ ደረሰች።

«እባክሽ፣ ያንን ጠላሽን ጥመቂልኝ! ጌሾውን እኔ እለቅማለሁ።»

ጃርት የጅብን ጠላ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አንዴ ተጎነጨችና ግራ ገብቷት ቀና አለች።

«የኔስ እንደዚሁ አልነበረም እንዴ?»

ተረቴን መልሱልኝ። ጠላ ልትቀዱልኝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጓሮውን አሳዩኝ።