እመት ዋኖስና የዋርካው እንግዶች

ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ፤ የሚያንቀላፋ ካለም ጎኑን ቆንጠጥ አድርጉልኝ። ነገሩ ድሮ ነው፤ ዛፍ እንደ ከተማ በሚቆጠርበት ዘመን። ስሙ በተረሳ አገር፣ ከሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ወፍ ሁሉ ተስማምቶ ይኖርበታል። ፍሬው ጣፋጭ፣ ንፋሱ ቀዝቃዛ፣ ከጫፉ ላይ ሆነው ሲያዩ ሐይቁ እስከ ማዶ ይታያል።

የዋርካው ነዋሪዎች በአንድ ነገር ይኮሩ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ እንግዳውም «በእግዜር!» ብሎ ይቀመጣል። ያልተነሣ ከዛፉ ይባረራል። ሕጉ ያባቶች ነው። ያኔ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ ቢል ነው፤ ማንን ይከብደዋል?

ታዲያ ቁራ የሚባል ሆዳም ነበረላችሁ። እንግዳ ይዞ የመጣ መሪ ከቀረበው ፍሬ ቀድሞ እንደሚቀምስ አየና ሆዱ መከረው። በየአገሩ እየዞረ «እንዲህ ያለ ዛፍ! እንዲህ ያለ አቀባበል!» እያለ ለፈፈ። መንጋ በመንጋ ላይ ያመጣ ጀመር። በመጣ ቁጥርም ይጮኻል፦

«እንግዳ መጥቷል፣ ቁሙ! ተቀምጦ የተቀበለ፣ ቆሞ ይሰደዳል!»

እንግዶቹ ደግሞ ጨዋ እንዳይመስሏችሁ። ቅርንጫፉ ላይ እየዘለሉ ይወዛወዛሉ፤ የሰው ጎጆ ውስጥ አንገታቸውን እያስገቡ «እዩዋት፣ እዩዋት!» ይላሉ፤ ሲሄዱም ለማስታወሻ ከጎጆው ጭራሮ ይመዛሉ። ዋርካው ከክብደቱ የተነሣ ያቃስት ነበር።

ከሁሉ የጨነቃት የርግብ ዘመዷ እመት ዋኖስ ናት። ሁለት እንቁላል ታቅፋለች። ያለፈው ዓመት እንቁላሎቿ ቀዝቅዘው ቀርተውባታል፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ አላረፈም። ገና ሞቅ ሲልላት «እንግዳ መጥቷል፣ ቁሙ!» ይባላል። ብድግ። «ኖር!» ትቀመጣለች። «እንግዳ መጥቷል፣ ቁሙ!» ብድግ። «ኖር!» እንቁላሎቹን በመንቆሯ እየነካካች «ቀዘቀዙብኝ ይሆን? ወይኔ ልጆቼን!» ስትል ትውላለች። ምግብም አልበላ አላት።

ሲብስባት ወደ አባ ሳቢሳ ሄደች። አባ ሳቢሳ ነጭ ላባ የለበሱ የዛፉ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው። አንድ ነገር በሉኝ።»

«ምን ልበልሽ ልጄ? እኔም ብድግ ቁጭ ስል ጉልበቴ አልቋል። ግን እንግዳ ገፉ ከምንባል ሞት ይሻለናል።»

«ሞቱስ የልጆቼ ነው፣ አባ!»

አለችና እንባዋን ዋጥ አድርጋ፦

«ግድ የለም፣ ወጉን አልነካም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የሚነሣው ማነው? ባለቤት ብቻ ነው ወይስ የተቀመጠ ሁሉ?»

«የተቀመጠ ሁሉ ነዋ! አባቶች ያሉት እንዲያ ነው።»

«ታዲያ ቀድሞ የመጣው እንግዳ ተቀምጦ የለም? አያ ቁራስ ፍሬው ላይ ተቀምጦ የለም?»

አባ ሳቢሳ አፍጥጠው አዩዋት። «እውነትሽን ነው። ነገ ሁሉም ይነሣ እላለሁ። ግን አንቺም እንደ ሁሉም ትነሻለሽ። አለዚያ ቁራ ‹ለራሷ ስትል ያመጣችው ነው› ይልና ነገሩን ያፈርስብናል።»

እመት ዋኖስ ወደ ጎጆዋ ዞራ አየች። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል፤ ሙቀት የሚፈልጉት አሁን ነው። ባትነሣ ደግሞ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያው ነው። «እሺ፣ እነሣለሁ» አለች።

በማግስቱ አባ ሳቢሳ አዋጁን ተናገሩ። ቁራ ሳቀ። «ምን ቸገረኝ!» አለ። መንጋዎቹ መንገዱን ስለለመዱ አሁን በራሳቸው ይመጣሉ፤ የሱ ሥራ ፍሬው ላይ ቁጭ ብሎ መጮኽ ብቻ ነው።

«እንግዳ መጥቷል፣ ቁሙ!»

«አንተም ነህ፣ አያ ቁራ!» አሉት ሁሉም ባንድ አፍ። ተነሣ። እንግዶቹም ተነሡ። ሳይቀመጡ ሌላ መንጋ ደረሰ። ብድግ። «ኖር!» ደግሞ ሌላ መንጋ። ብድግ። «ኖር!» እመት ዋኖስም ብድግ፤ ዓይኗ ግን ከጎጆዋ አልተነቀለም። ንፋሱ በእንቁላሎቹ ላይ ሲነፍስ በራሷ ሆድ ውስጥ የሚነፍስ መሰላት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንግዶቹ «ልናርፍ መጣን ወይስ ልንሰግድ?» ብለው አጉረመረሙ። አንዱ መንጋ ተነሥቶ በዚያው በረረ፤ ሌላውም ተከተለው። ቁራ ግን አንድ ፍሬ ሳይውጥ ስለዋለ ሆዱ ጮኸበት። አንድ ሌላ መንጋ ብቅ ሲል አይቶ እንዳላየ ሆነ። አልጮኸም፤ አልተነሣም። አንገቱን ደፍቶ ፍሬውን ይሰለቅጣል።

የቆሙት ወፎች ሁሉ ዞረው አዩት። መጀመሪያ የተናገረችው እመት ዋኖስ ናት፦

«ተቀምጦ የተቀበለ?»

«ቆሞ ይሰደዳል!» አለ ዋርካው በሙሉ። ቁራ «እኔ እኮ...» ሲል አልሰሙትም፤ አባረሩት። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቦታ አይረጋም።

እመት ዋኖስ ተንደርድራ ጎጆዋ ገባች። አንደኛው እንቁላል ተሰንጥቆ ጫጩቷ ጭው ጭው ትላለች። ሁለተኛው ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ደረቷን አስጠግታ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ምንም የለም። ደስ ይበላት ወይስ ታልቅስ? ሁለቱንም አደረገች።

አባ ሳቢሳም ከዚያ ወዲያ እንግዳ በተራ እንዲመጣ፣ በአንድ ቅርንጫፍ እንዲያርፍ፣ እንቁላል የታቀፈች ደግሞ እንዳትነሣ ደነገጉ። ወሬው ለእንግዳ ሁሉ ደረሰ።

አንድ ቀን የደከማት ሽመላ ብቻዋን መጣች። እመት ዋኖስ ልማድ ሆኖባት ብድግ ልትል ስትል ሽመላዋ ደንግጣ «በእግዜር! በልጅሽ ሞት፣ አትነሺ!» አለቻት። እመት ዋኖስም ጫጩቷን በክንፏ ሸፍና፣ ባዶውን ጎኗን እያየች እንዲህ አለች ይባላል፦

ለመጣው ሁሉ ሲነሡ፣ የታቀፉትን ይረሱ።